«አትጨነቂ» ከማለት በፊት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እኅት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ባሏን ከቀበረች አራተኛ ወሯ ነው። ከጽሑፉ ሥር የጨመረችው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «እንዲህ ከሆነ እኔ አላመንኩም ማለት ነው?»

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ እርሷ ተናደድኩ። በሁለተኛው ጸሐፊው ክፉ አስበው እንዳልጻፉት ገባኝ። በሦስተኛው ግን ዝም ማለት እንደማይገባኝ ታየኝ፤ እንደ እርሷ ያነበቡት ስንት ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት አድረው ይሆን? ይህን ምላሽ የምጽፈውም በእርሷ ፈቃድ ነው።

ጽሑፉ በመከራ ጊዜ ተስፋና የውስጥ ሰላም በክርስቶስ እንዴት እንደሚገኝ ለማስተማር የተጻፈ ነው። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጭንቀት የእምነት ማነስ ምልክት ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ማልቀስና «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ማጉረምረም ነው፤ ተስፋ ማለት መከራው በቅርቡ እንደሚያበቃ በአፍ ማወጅ ነው፤ ሐኪምና አማካሪ ዘንድ መሄድ ልብን ለሁለት መክፈል ነው፤ ሰላም የሚገኘው ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ በመሆን ስለሆነ ያዘነ ሰው ድካሙን ለሰው ማውራት የለበትም።

ክርስቶስ ሰላም ይሰጣል በሚለው እኔም አሜን እላለሁ። ቀምሼዋለሁ፤ እንዴት እንደሆነም ወደ ታች እናገራለሁ። ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው ያንን ሰላም ለማግኘት አስቀድመን እንባችንን መጥረግ አለብን በሚለው ላይ ነው።

ጭንቀት የእምነት ማነስ ነውን?

ጸሐፊው ለዚህ ማስረጃ ያደረጉት ፊልጵስዩስ 4፥6ን ነው። የጠቀሱት ግን «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን ቁራጭ ብቻ ነው። ሙሉው ይህ ነው፦ «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ። አእምሮንም ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁንና አሳባችሁን በክርስቶስ ኢየሱስ ይጠብቃል።» ጳውሎስ እዚህ የተጨነቀውን ሰው አይከስም፤ ጭንቀቱን ወዴት ይዞ እንደሚሄድ ያመለክተዋል እንጂ። ምንም የማያስጨንቀው ሰው ምን የሚያስታውቀው ነገር አለ? ደግሞም ተስፋ የተሰጠው ልመናው ሁሉ እንደሚፈጸም አይደለም። የተሰጠው ተስፋ ሰላሙ ልብን እንደሚጠብቅ ነው።

«ይጠብቃል» በሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ። በግሪክኛው ቃሉ ወታደር ከተማን ሲጠብቅ የሚነገር ነው። ፊልጵስዩስ ከውትድርና የተሰናበቱ ሮማውያን የሰፈሩባት ከተማ ስለነበረች፣ መልእክቱ ሲነበብ ሰሚዎቹ በበር ላይ የቆመ ዘብ ሳይታያቸው አይቀርም። ጳውሎስም ራሱ እስረኛ ሆኖ፣ ወታደሮች እየጠበቁት ነው የጻፈው። ዘብ የሚቆመው ደግሞ ስጋት ባለበት ነው። ፍርሃቱ በቅጥሩ ዙሪያ እየዞረ፣ ሰላሙም በሩ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልቧ በፍርሃት እየመታ የምትጸልይ ሴት ሰላም የላትም ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም።

እዚያው መልእክት ውስጥ፣ ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ ጳውሎስ ስለ ባልደረባው ስለ አፍሮዲጡ ይናገራል። አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ እግዚአብሔርም ማረው። ጳውሎስ ይህን ሲተርክ፣ እግዚአብሔር «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» ለእኔም ራራልኝ ይላል። «አትጨነቁ» ያለው ሰው ወዳጁ ቢሞት ኖሮ ኀዘኑ ከአቅሙ በላይ ይሆንበት እንደነበር አልደበቀም። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክትማ በእስያ ስለ ደረሰበት መከራ ሲያወራ «ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ እስክንቆርጥ ድረስ» ይላል። ተስፋ ቆርጦ እንደነበር! ሐዋርያው ነው ይህን የጻፈው። በጸሐፊው ሚዛን ከተመዘነ ጳውሎስም እምነት ጎደለው ልንል ነው።

ከጳውሎስም እንለፍና ወደ ጌታ እንምጣ። ጸሐፊው ዮሐንስ 14፥27ን ደጋግመው ይጠቅሳሉ፦ «ሰላምን እተውላችኋለሁ፥ ሰላሜን እሰጣችኋለሁ ... ልባችሁ አይታወክ አይፍራም።» መልካም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀደም ያሉትን ሦስት ምዕራፎች አንብቡ። በምዕራፍ 11 የሞተው የአልዓዛር እኅት ስታለቅስ ባየ ጊዜ ኢየሱስ «በራሱም ታወከ» ይላል። በምዕራፍ 12 «አሁን ነፍሴ ታውካለች» ይላል። በምዕራፍ 13 ይሁዳ አሳልፎ ሊሰጠው መሆኑን ሲናገር «በመንፈሱ ታወከ»። በአማርኛው እንደምታዩት አንድ ቃል ነው፤ በግሪክኛውም እንዲሁ አንድ ግስ ነው። ሦስት ጊዜ የታወከው እርሱ ነው ዞር ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ልባችሁ አይታወክ የሚላቸው። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት ንባብ በኋላ ነው፤ ካስተዋልኩት ጀምሮም ያ ቃል ተግሣጽ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሰላሜን እሰጣችኋለሁ ሲል፣ መታወክ ምን እንደሆነ ከማያውቅ ሰው የተበደረውን ሰላም አይደለም የሚሰጠው።

እንባና «ለምን?» ማጉረምረም ናቸውን?

እዚህ ላይ ጸሐፊው እስራኤል በምድረ በዳ ማጉረምረማቸውንና መቀጣታቸውን ያነሳሉ። ማጉረምረምና ሰቆቃ ግን ለየቅል ናቸው። በምድረ በዳ ያሉት ስለ እግዚአብሔር እርስ በርሳቸው አወሩ፤ ወደ ግብፅ እንመለስ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በመዝሙር የሚያለቅሰው ሰው ግን የሚያወራው ከእግዚአብሔር ጋር ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ?» የሚል ሰው ሰሚ እንዳለ ያምናል፤ ካላመነማ ማንን ነው የሚጠይቀው?

ከ150ዎቹ መዝሙራት ወደ ሲሶ የሚጠጉት የኀዘንና የአቤቱታ ናቸው። አብዛኞቹ መጨረሻ ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። መዝሙር 88 ግን (በግእዙ አቆጣጠር 87) አይዞርም። ሌሊትም ቀንም እጮኻለሁ ብሎ ይጀምራል፣ ፊትህን ለምን ከእኔ ትመልሳለህ ብሎ ይጠይቃል፣ በዕብራይስጡም የመጨረሻ ቃሉ «ጨለማ» ነው። ከዚያ ያልቃል። አንድ ቀና ዐረፍተ ነገር እንኳ አልተጨመረለትም። ይህን መዝሙር ከቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ያወጣው የለም፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተጸለየ እዚህ ደርሷል። እግዚአብሔር ሕዝቡ በምን ቃል እንደሚያለቅስ ሳይቀር ቃሉን አዘጋጅቶ ሰጠው ማለት ነው።

ሰቆቃወ ኤርምያስም እንዲሁ ነው። «ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው» የሚለውን ቃል እንወደዋለን፤ ጸሐፊውም በትልቁ ጽፈውታል። ግን የት ነው ያለው? መጽሐፉ አምስት ምዕራፍ፣ 154 ቁጥር ነው፤ ይህ ቃል የሚገኘው ልክ መካከሉ አካባቢ፣ በምዕራፍ 3 ቁጥር 23 ነው። ከእርሱ በፊት ስትቃጠል የታየች ከተማና በየአደባባዩ በረሃብ የሚዝሉ ሕፃናት አሉ፤ ከእርሱም በኋላ ልቅሶው ይመለሳል። መጽሐፉ የሚዘጋውም ፈጽመህ ጣልኸን ወይ በሚል ስሜት ነው። የኤርምያስ ተስፋ ልቅሶውን አላባረረውም። መካከሉ ገብቶ ተቀመጠ።

ከጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ስለ አንዱ፣ ስለ አውግስጢኖስ አንድ ነገር ልናገር። እ.ኤ.አ. በ387 እናቱ ሞኒካ በሮም ወደብ በኦስትያ በ56ኛ ዓመቷ ሞተች። ዓይኖቿን የከደነው እርሱ ነው። ልጁ አዴዎዳቱስ ጮኾ ሲያለቅስ ዝም አሰኙት፤ በእምነት ለሞተች ሴት ማልቀስ አይገባም ብለው ነበርና። አውግስጢኖስም እንባውን በግድ አምቆ ቀበራት፤ ኀዘኑን ያቀልልኝ ብሎ ገላውን ሳይቀር ታጠበ፤ ምንም አልቀነሰለትም። ተኝቶ ነቃ። ከዚያም አልጋው ላይ ብቻውን ሆኖ፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ ያመቀውን እንባ ለቀቀው፤ ልቡም በእንባው ላይ አረፈ። ይህን ኋላ ራሱ ነው የጻፈው፤ የሚያነበውም ሰው እንዳይስቅበት ለምኗል። ያረፈው መቼ እንደሆነ ተመልከቱ፤ እንባውን ባመቀበት ሰዓት አልነበረም።

ጸሐፊው 1 ተሰሎንቄ 4፥13ንም «አማኝ አያዝንም» ለሚለው ተጠቅመውበታል። ቃሉ ግን «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው የሚለው። የከለከለው እንደ ተስፋ ቢስ ማዘንን ነው። ማዘንንማ ክርስቶስ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ አዘነ፤ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ።» ደቂቃዎች ብቻ ቀርተውት ነበር። «አሁን ይነሣል፣ ምን ያስለቅሳችኋል?» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም።

ተስፋ ማለት «በቅርቡ ያልፋል» ማለት ነውን?

ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ክፍል ነው። ጸሐፊው ኤርምያስ 29፥11ን ይዘው፣ አንባቢው መከራው በዚህ ዓመት እንደሚያበቃ በአፉ እንዲያውጅ ያዝዛሉ። ጥቅሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም»። ከእርሱ አንድ ቁጥር በላይ ያለውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ሰባ ዓመት ይላል። ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ይህን ደብዳቤ ሲልክ፣ ካነበቡት አዋቂዎች አብዛኞቹ ሰባ ዓመት እንደማይኖሩ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስለ ከተማይቱም ጸልዩ አላቸው።

ልክ ከዚህ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። ሐናንያ በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል ብሎ አወጀ። ኤርምያስ ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? «አሜን» አለው፤ እግዚአብሔር እንዳልከው ያድርግ አለው። ይህ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል፤ ኤርምያስ መከራው እንዲረዝም የሚወድ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ የሐናንያ ቃል እውነት ቢሆን እርሱም በወደደ ነበር። ሐናንያ ግን ቀጥሎ ከኤርምያስ አንገት ላይ የእንጨቱን ቀንበር አውልቆ ሰበረው። የእግዚአብሔርም መልስ መጣ፦ የእንጨት ቀንበር ሰበርህ፣ በእርሱ ፋንታ ግን የብረት ቀንበር ሠራህ። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ፣ ኢየሩሳሌም ወደቀች።

የብረት ቀንበር ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ቀኑ ሲያልፍና የታወጀው ሳይሆን ሲቀር፣ ሰውየው ከመከራው ሌላ ሁለተኛ ሸክም ይጫንበታል፦ «አወጅኩ፣ አልሆነም፤ ወይ እግዚአብሔር ጠልቶኛል ወይ እምነቴ ከንቱ ነው።» የመጀመሪያውን የተሸከሙ ሰዎች በሁለተኛው ሲሰበሩ አይቻለሁ። ያንን ቀንበር ያሸከምናቸው እኛ ነን፣ ቸር የሆንን እየመሰለን።

እግዚአብሔር አይፈውስም፣ ከመከራ አያወጣም እያልኩ አይደለም። ያወጣል፤ እንለምነውም። ሦስቱ ወጣቶች በእሳቱ እቶን ፊት ሁለቱንም አንድ ላይ ተናገሩ፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፣ ቀጥለውም ባያድነንም ለምስሉ አንሰግድም አሉ። በጸሐፊው ትምህርት «ባያድነንም» የሚለው ቃል የጥርጣሬ ቃል ነው። በዳንኤል መጽሐፍ ግን የእምነታቸው ጫፍ ነው። ዕብራውያን 11ም በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡትን ከዘረዘረ በኋላ ሳያርፍ በእምነት በሰይፍ ወደ ሞቱት ያልፋል፤ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ ናቸው።

ያው መልእክት ተስፋን የነፍስ መልሕቅ ይለዋል። በሮም ምድር ውስጥ በተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች መቃብሮች፣ ለምሳሌ በጵርስቅላ የመቃብር ዋሻ፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ መልሕቅ ይታያል። የሚወዱትን ሰው እዚያ አስቀምጠው ሲሄዱ የተዉት ምልክት ይህ ነው። መልሕቅ ማዕበሉን አያቆምም፤ መርከቧ ትናወጣለች፣ ውኃ ይመታታል። መልሕቁ የተያዘው ዓይን በማያየው ጥልቅ ቦታ ነው። የክርስቲያን ተስፋ የተያዘውም ሞትን ድል አድርጎ በተነሣው በክርስቶስ እንጂ በቀን መቁጠሪያ አይደለም።

ስለ ሐኪምና ስለ አማካሪ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ኢሳይያስ ለታመመው ለንጉሥ ሕዝቅያስ ይፈወሳል የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ካመጣ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም «የተወደደው» ብሎ ጠራው። ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰድ ባለ ጊዜ፣ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፣ መልሶ አስተኛው፣ እንደገናም አበላው። እግዚአብሔር የነቢዩን የነፍስ ሕመም ማከም የጀመረው በእንጀራና በእንቅልፍ ነው።

የእንግሊዙ ታላቅ ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጀን እ.ኤ.አ. በ1856 ለንደን ውስጥ ሲሰብክ አንድ ሰው «እሳት!» ብሎ ጮኸና በተፈጠረው ትርምስ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ስፐርጀን ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት እየተመላለሰበት ኖረ፤ ከመድረክም ላይ ሳይቀር ስለ ሕመሙ ተናገረ፤ ለዕረፍትም ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ይሄድ ነበር፤ በ1892 የሞተውም እዚያው ነው። እምነት አልነበረውም የሚል አለ? እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ ሞት ሞት የሚለው ሰው ካለ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ሐኪም ዘንድም ይሂድ። ጸሎቱ ይከተለዋል።

ሰላም ከሰው ተለይቶ ብቻ ይገኛልን?

እናቴ በታመመችበት የመጨረሻ ሳምንት ሆስፒታል አብሬያት አድር ነበር። አንድ ቀን ሊጠይቃት የመጣ ሰው ኮሪደር ላይ ሳለቅስ አገኘኝና፣ እንባህ የፈውሷን በር እየዘጋ ነው አለኝ። በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነበር፤ ሰውየው ግን የሚያጽናናኝ ነበር የመሰለው። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ሲመጣብኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ አለቅስ ነበር። መጸለይ አቃተኝ። «አቤቱ ማረን» ከማለት አላልፍም ነበር፤ ያንንም የምለው የኦክስጅኑን ድምፅ ተከትዬ፣ በእናቴ ትንፋሽ ልክ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት ከምንጸልይበት ጉባኤ አንድ ሽማግሌ መጡ። ምንም አላሉኝም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አደረጉ። ብዙ ቆይተው ከኪሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው አንድ መዝሙር ዝቅ ባለ ድምፅ አነበቡላት፤ ስለ ፈውስ የሚናገር መዝሙር አልነበረም። ከዚያ ዞር ብለው «አንተ ተኛ ልጄ፤ እኔ እጠብቃታለሁ» አሉኝ። ወለሉ ላይ ጋደም አልኩ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲነጋ ስነቃ መነጽራቸው እንደተሰካ፣ ዓይናቸው እርሷ ላይ ነበር።

እናቴ ከአራት ቀን በኋላ ሞተች። ያን ሌሊት የተሰማኝን ግን «አእምሮንም ሁሉ የሚያልፍ» ከሚለው ሌላ ስም ላወጣለት አልቻልኩም። ምንም አልተለወጠም ነበር፤ ሐኪሞቹ የነገሩን ያው ነበር፤ ፍርሃቴም ያው። ሆኖም አንድ ዘብ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ መልክ ይዞ።

ጳውሎስ በመቄዶንያ «በውጭ ጠብ ነበረ፥ በውስጥ ፍርሃት ነበረ» ካለ በኋላ፣ ኀዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክ «በቲቶ መምጣት አጽናናን» ይላል። በራእይ ወይም በመልአክ አላለም፤ በአንድ ወዳጅ መምጣት ነው ያለው። ክርስቶስም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች፤ በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» ሲል ኀዘኑን ለሦስት ዓሣ አጥማጆች ተናገረ፤ አብራችሁኝ ሁኑ ብሎም ለመናቸው። ጸሐፊው ለሰው አታውሩ የሚሉትን ነገር እርሱ ለሰው አወራው። እነርሱ ግን ተኙ።

እኛም ብዙ ጊዜ የምንተኛው እዚያው ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው ያጠፉት። በቋንቋችን ማጽናናት ከመጽናት የወጣ ቃል ነው፤ ያዘነውን ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ስንለው አቁሞ ይያዝህ ማለታችን ነው። ሰውን አቁሞ ለመያዝ ደግሞ አጠገቡ መገኘት ያስፈልጋል።

ጸሐፊው ይህን ቢያነቡ፣ ጽሑፋቸውን ባሏን በቀበረች ሴት ዓይን አንድ ጊዜ ደግመው እንዲያዩት በትሕትና እለምናቸዋለሁ።

አንቺ ግን እኅቴ፣ ለጥያቄሽ መልሴ አይደለም ነው። አምነሻል። በየሌሊቱ ተነሥተሽ «ለምን?» የምትዪው እግዚአብሔርን አይደል? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። ያንን ሰማንያ ስምንተኛውን መዝሙር አብረን እናነበዋለን፤ ድምፅሽ እንቢ ካለሽ እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። ስለ ባልሽ ማውራት ካማረሽ ደግሞ ፎቶዎቹን አውጥተሽ ጠብቂኝ።